ስሙኒ ስንት ነው? አንደኛ ፎቅስ የቱ ነው?

ዛሬ ስለ ቀረጥም ስለ ምንዛሪም አናወራም። የምናወራው ስለ ሁለት ተራ ቃላት ነው፤ ስለ «ስሙኒ» እና ስለ «አንደኛ ፎቅ»። ተራ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው። ለዓመታት አብረን የበላን የጠጣን ሴቶች ነን፤ እነዚህ ቃላት ሊለያዩን ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞያሌ እየተነሳን ወደ ናይሮቢም ወደ አዲስ አበባም የምንመላለስ አራት ነን። ከወዲህ በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ልብስ፣ ከወዲያ ጫማና የቤት ዕቃ እንይዛለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የራሳችንን ሱቅ ለመከራየት ቆረጥን። ከአራታችን የአንዷ እህት አሜሪካ ትኖራለች፤ ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ እሷ ልትችል ተስማማች። ደላላው ደወለና «ፈርስት ፍሎር ላይ ጥሩ ሱቅ ተገኝቷል» አለን። ያለውን ቃል በቃል ወደ አሜሪካ ላክንላት። «ፈርስት ፍሎር በዚህ ዋጋ ከተገኘ ምን ትጠብቃላችሁ? ክፈሉ እንጂ!» አለች። ጉድዊል የሚሉትን የመግቢያ ገንዘብ ከፈልን፤ የሦስት ወር ኪራይም ቀድመን ሰጠን።

እህታችን በእረፍቷ መጣች። ሕንጻው በር ላይ ቆማ መንገድ ዳር ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና «የኛው የቱ ነው?» አለች። ወደ ደረጃው ጠቆምናት። ፊቷ ሲለዋወጥ ዛሬም ይታየናል። እሷ በምትኖርበት አገር ፈርስት ፍሎር ማለት ከመንገድ በቀጥታ የሚገባበት ነው። የተከራየነው ሱቅ ግን አንድ ደረጃ ወጥቶ ነው። የምድሩን ዋጋ ነግረናት የላዩን ተከራይተን ልዩነቱን የተካፈልን መሰላት። በአፏ አላለችውም፤ ግን ሁለት ወር ስልክ አላነሳችም። የሸቀጥ መግዣው ገንዘብ በእሷ እጅ ስለነበር ሱቁ ተቆልፎ ኪራዩ ቆጠረ።

ያስታረቁን ከመካከላችን ትልቋ ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ሞያሌ ላይ ሰበሰቡን፤ እህታችንንም በስልክ አስገቧት። የጠበቅነው ተግሣጽ ነበር። እሳቸው ግን «እኔን በልጅነቴ ያሞኘኝ ስሙኒ ነው» ብለው ጀመሩ።

ሞያሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ግማሿ የኢትዮጵያ፣ ግማሿ የኬንያ ናት። እናታቸው ክብሪት ወይም ስኳር ሲጎድል ወዲያ ማዶ ይልኳቸው ነበር። ባለሱቁ በስዋሂሊ «ሱሙኒ» ይላል፤ እሳቸውም የኛን ስሙኒ፣ ሃያ አምስት ሳንቲሟን ያቀብላሉ። ባለሱቁ ፈገግ ብሎ ይቀበላል። ስሙኒ አለ፣ ስሙኒ ተሰጠው፤ ምን ይጠየቃል? ወራት ካለፉ በኋላ አባታቸው ነገሩን ሰሙ። የኬንያ ሱሙኒ 50 ሳንቲም ነው፤ የሽልንግ ግማሽ። የኛ ስሙኒ የብር ሩብ ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዋጋቸው አንድ አልነበረም።

ኮሜርስ ገብተን የተማርነው ሒሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእትዬ የልጅነት ዘመን፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ነበር። በኬንያ ደግሞ አንድ ዶላር ከ7 እስከ 8 ሽልንግ ገደማ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ አንድ ብር ወደ ሦስት ሽልንግ ተኩልና ከዚያ በላይ ያወጣል፤ የኛ ስሙኒ ደግሞ ወደ 90 የኬንያ ሳንቲም። እትዬ 50 ለሚያወጣ ክብሪት ሁለት እጥፍ ሊሞላ የቀረው ዋጋ ሲከፍሉ ኖረዋል ማለት ነው። ባለሱቁ አልዋሸም፤ እሳቸውም አልተሳሳቱም። ያሞኛቸው ስሙ ነው።

ይህ ስም ከየት መጣ? ሥሩ አረብኛ ነው። ከስምንት አንድ እጅ «ሱምን» ይባላል፤ ከእኛው «ስምንት» ጋር የአንድ ቤተሰብ ቃል ነው። የምን ስምንተኛ እጅ? የማርትሬዛ፣ ማለትም አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የብር ገንዘብ። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ገንዘቧ ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ይመታ ነበር፤ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር። የቀይ ባሕር ነጋዴ የለመደው መልክ እንዲለወጥበት አይፈልግም ነበርና።

የጠገራ ብር ችግሩ ትልቅነቱ ነው። ለበሬ ይሆናል፤ ለአንድ እፍኝ ጨው ግን ምን ይመለስለታል? ዘርዛሪ በሌለበት ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ምላሽ ይሰጥ ነበር፤ ጥይትም ሳይቀር መልስ ሆኖ ዞሯል። የሐረር ኢሚሮች መሐለቅ የሚባል የራሳቸው ትንሽ ገንዘብ ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ በፓሪስ ገንዘብ ሲያስመቱ ብሩን በየፈርጁ ከፋፈሉት፤ ግማሹ አላድ፣ አራተኛው ሩብ፣ ስምንተኛው ደግሞ ተሙን ተባለ። ከዚያም በታች ግርሽና ቤሳ ነበሩ።

ያው ጠገራ በዛንዚባርና በሞምባሳ ጠረፍም ዋና ገንዘብ ነበር። እዚያ ከሕንድ ሩፒ ጋር ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ አንድ ጠገራ ከሁለት ሩፒ ትንሽ ያልፋል። እንግዲህ የጠገራ ስምንተኛው ከሩፒ ሩብ ጋር ይቀራረባል። እንግሊዞች በ1920 እ.ኤ.አ. ሩፒውን ሁለት ሽልንግ ብለው ተመኑት፤ ብዙም ሳይቆዩ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግን አወጡ። የሩፒ ሩብ የሽልንግ ግማሽ ሆነ፤ 50 ሳንቲም ማለት ነው። ጠገራው ከገበያ ወጣ፣ ሩፒው ወጣ፤ «ስምንተኛ» የሚለው ስም ግን የምን ስምንተኛ እንደነበረ ተረስቶ 50 ሳንቲሟ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ወደ ኢትዮጵያም ያው ሽልንግ ገብቶ ያውቃል። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ እንግሊዞች ሲገቡ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ገበያ ይሠራበት ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። አሁን ደምሩት፦ አንድ ብር ሁለት ሽልንግ ከሆነ 50 ሳንቲም አንድ ሽልንግ ነው። እናቶቻችን 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። የሽልንግ ግማሽ፣ የኬንያው ሱሙኒ፣ በእኛ 25 ሳንቲም ይሆናል፤ እሱም በእኛ ስሙኒ ነው። በዚያች ቀን ሁለቱ ስሙኒዎች በትክክል እኩል ነበሩ። በኋላ ምንዛሪው ተለያየ፤ ስሙ ግን ባለበት ጸና። ትንሿ እትዬ የከፈሉት የዚያን ልዩነት ነው።

ሌሎቹም የሳንቲም ስሞች እንዲሁ መንገደኞች ናቸው። «ሳንቲም» ራሱ የፈረንሳይኛ ነው፤ ከመቶ አንድ ማለት ነው። «ዶላር» ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ካለ ዮአኪምስታል ከሚባል የብር ማዕድን ሸለቆ የተወለደ ቃል ነው፤ የእንግሊዝኛው ዶላርና የዐፄ ምኒልክ ገንዘብ የተጠራበት «ታላሪ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቤሳን ደግሞ ተመልከቱ። የሕንድ ፓይሳ የሩፒ ስድሳ አራተኛ እጅ ነበረች። ያቺው ትንሽ ገንዘብ በኦማን ባይሳ፣ በጣሊያን ሶማሊያ ቤሳ፣ በእኛም ቤሳ ተባለች። በስዋሂሊ «ፔሳ» ሆነችና ከአንድ ሳንቲም ስምነት ወጥታ ለገንዘብ ሁሉ መጠሪያ ሆነች። ሳፋሪኮም በ2007 እ.ኤ.አ. የስልክ ገንዘቡን ኤም-ፔሳ ያለው በዚህች ቃል ነው፤ እሱም በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በአማርኛ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለው ምንም በሌለን ቀን ነው። ማዶ ያለው ዘመዳችን በዚያችው ቃል ሚሊዮን ያንቀሳቅሳል።

አሜሪካ ያለችው እህታችንም በዚያ ስብሰባ የራሷን ጨመረች። እዚያ አንድ ሳንቲሟን ሁሉም ሰው ፔኒ ነው የሚላት፤ ሳንቲሟ ላይ የተጻፈው ግን «አንድ ሴንት» ነው። ፔኒ የእንግሊዞች ስም ነው። በእንግሊዝ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ነበር። አሜሪካኖቹ ሒሳቡን ጥለው ስሙን አስቀሩ። እኛም እንደዚያው፣ የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ ከእንግሊዙ እኩል ዋጋ ይዞ ቢነሳም የተከፋፈለው ወደ 12 ፔኒ ሳይሆን ወደ 100 ሳንቲም ነው። እንግሊዝ አገር የቆየ ነጋዴ «ሩብ ሽልንግ» ሲባል 3 ፔኒ ያስባል፤ የናይሮቢው 25 ሳንቲም ያስባል። በነገራችን ላይ አሜሪካ ፔኒን ለገበያ መምታት በኅዳር 2018 ዓ.ም. አቁማለች፤ አንዷን ለመሥራት ወደ አራት ሴንት ሊጠጋ ይወጣ ነበር። ሳንቲሟ ትጠፋ ይሆናል፤ ስሟ ግን ከእኛ ስሙኒ የተለየ ዕጣ የሚገጥመው አይመስለንም።

ወደ ፎቁ እንመለስ። «ፎቅ» የአረብኛ ቃል ነው፤ «በላይ» ማለት ነው። እንግዲህ ከመሬት የተቀመጠው ክፍል ፎቅ ሊባል አይችልም፤ ከምን በላይ ነው? ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «አንደኛ ፎቅ» ሲል ደረጃ ይወጣል። የታችኛውን ምድር ቤት ወይም ግራውንድ ይለዋል። «ምድር ቤት» ራሱ ያጣላል፤ አንዳንዱ ሰው ከመሬት በታች ያለውን ክፍልም እንዲሁ ይለዋልና።

የጥንቱ ቃላችን ግን «ደርብ» ነበር፤ መደረብ ከሚለው የመጣ። በደርብ ሲቆጠር ከታች ይጀመራል። የኖኅን መርከብ አስታውሱ፤ ሦስት ደርብ ነበራት፤ ታችኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው። ሁለተኛው ልክ ከታችኛው በላይ ያለው ነው። እንዲህ ከሆነ የአሜሪካዋ እህታችን አቆጣጠር ለአያቶቻችን እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር። እኛው ራሳችን ቃል ስንለውጥ የቆጠራ መነሻ ለውጠናል።

ጎረቤቶቻችንም ቃሉን ያገኙት ከዚያው ከአረብኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን የተለያየ ነው። የስዋሂሊው «ጎሮፋ» ክፍል፣ በተለይም ላይኛ ክፍል ከሚለው ቃል መጣ። የሶማሊው «ደበቅ» ንብርብር ከሚለው መጣ። በጅቡቲ ፈረንሳዮቹ የታችኛውን «ሬ ደ ሾሴ» ይሉታል፤ ከጎዳናው እኩል ማለት ነው። ጣሊያኖቹም የመሬት ወለል ብለው ከዚያ በላይ አንደኛ ይላሉ። ኬንያ የእንግሊዞቹን ይዛለች፤ ግራውንድ፣ ቀጥሎ ፈርስት። በአሜሪካና በቻይና ግን የመንገዱ ወለል 1 ነው። ጓንግዙ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሊፍት ውስጥ 1ን ስትጫኑ በቀጥታ ወደ መንገድ ትወጣላችሁ። ዱባይ ደግሞ በብዙ ሕንጻዎች ከግራውንድ ቀጥሎ ሜዛኒን፣ ከዚያ የመኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ በኋላ ነው 1 የሚመጣው። «አንደኛ ፎቅ ነኝ» ያላችሁ ደንበኛ አራት ወለል ላይ ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

የቤት ግዥ ላይ ደግሞ ይብሳል። በእንግሊዝኛ «ዋን ስቶሪ» የተባለ ቤት መሬት ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ወለሉን ሲጠሩ ከላይ፣ የቤቱን ቁመት ሲቆጥሩ ግን ከታች ይጀምራሉ። በአማርኛ «ባለ አንድ ፎቅ ቤት» ካልን ግን ምድሩም ፎቁም አለው። ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ልጅና እዚህ ቤት የሚፈልግ አባት አንድ ቃል ተባብለው ሁለት ቤት ያስባሉ። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ግንበኞች «ጂ+4» የሚሉትን እንወዳለን። ጂ ግራውንድ ነው፤ በላዩ አራት አለ፤ ድምሩ አምስት ወለል። ከየት ተነስቶ እንደተቆጠረ በራሱ ላይ ተጽፎበታል፤ ለክርክር ቦታ አይተውም።

ይህ ሁሉ ለነጋዴ ገንዘብ ነው። ድሮ ሊፍት ሳይኖር በየአገሩ ከፍ ያለው ወለል የድሃ ነበር፤ ደረጃ መውጣት ማን ይወዳል? ኤሊሻ ኦቲስ ገመዱ ቢበጠስ የማይወድቅ ሊፍት በ1854 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በአደባባይ ካሳየ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለበጠ፤ ሀብታሙ ወደ ላይ ወጣ። የሱቅ ሕግ ግን ያኔም ዛሬም አልተለወጠም። የችርቻሮ ገዢ እግሩ ወደመራው ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሥር ያሉት የንግድ ቤቶች በጨረታ የሚሸጡት፣ መርካቶም ኢስሊም የምድሩ ሱቅ በኪራይ የሚለየው ለዚህ ነው። ስለዚህ «አንደኛ» የሚለው ቃል በአንድ ደረጃ ከተንሸራተተ ኪራዩም፣ ደንበኛውም፣ የሚያዋጣው ሸቀጥም አብሮ ይንሸራተታል።

እትዬ ይህን ሁሉ ታሪክ አላወሩንም፤ ያወሩን ስለ ክብሪቱ ብቻ ነበር። ሲጨርሱ «ባለሱቁን ሌባ ብዬ ነበር። አባቴ ግን ‹እሱ የራሱን ስሙኒ ጠራ፣ አንቺ የራስሽን ሰጠሽ› አለኝ» አሉ። ስልኩ ማዶ ዝም ተባለ። ከዚያ እህታችን «ደላላውን ራሴ ላናግረው» አለች። በነጋታው በሁላችን ፊት ደወለችለትና ግራውንድ ያለው ሱቅ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። የነገራት ዋጋ ለአራታችንም ለእሷም ከአቅም በላይ ነበር። ልዩነቱን የበላ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባት። እኛም ጥፋታችንን አመንን። «ፈርስት ፍሎር» የሚለውን ቃል ስናስተላልፍላት ደረጃ እንዳለው መናገር በእኛ ላይ ነበር፤ የምትኖርበትን አገር እናውቃለንና።

የሁለት ወሩ ኪራይ አልተመለሰም። ሱቁን ግን አልለቀቅነውም። ላይ ያለ ሱቅ ለችርቻሮ እንደማይሆን ካየን በኋላ ወደ ጅምላ ዞርን። የጅምላ ገዢ ዕቃውን ፈልጎ ስለሚመጣ ደረጃ አይመልሰውም።

ከዚያ ወዲህ ያለን ልማድ ይህ ነው። ሱቅ ስንከራይ የፎቅ ቁጥር አንጽፍም፤ «ከመንገዱ በር ገብቶ አንድ ደረጃ የሚወጣበት ወለል» ብለን እንጽፋለን፤ ፎቶውንም ከመንገዱ ጀምረን እናነሳለን። ዋጋ ስንነጋገርም የገንዘቡን አገርና ቁጥሩን እንጂ የሳንቲሙን ስም አንጠራም። ሰዓት ላይ ሞያሌ ተባርካለች። ስዋሂሊውም አማርኛውም ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው፤ የእነሱ አንድ ሰዓትና የእኛ አንድ ሰዓት ይገጥማል። ቀጠሮው በእንግሊዝኛ የተያዘ እንደሆነ ግን ስድስት ሰዓት ይለያያል፤ እዚያም እንጠይቃለን።

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከየት ጀምረህ ነው የቆጠርከው?» ለመጠየቅ አትፈሩ። ያልተማርን እንዳንመስል ስንል ዝም ያልንበት ቀን ሁለት ወር ኪራይ አስከፍሎናል፤ አንዲት እህትም ሊያሳጣን ነበር።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።